ያላወቁትን ሰው መልክ ስለ ማንሣት
(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ጉዳይ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን ዘወትር የምንሠራው፥ ስንሠራውም የማናስብበት ነገር ነው። ይኸውም በመንገድ ላይ ያገኘነውን፥ ስሙን እንኳ የማናውቀውን ሰው ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ነው። በቀድሞ ጊዜ ፎቶግራፍ አንሺ ማለት ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ጥቁር ጨርቅ ያለው፥ በከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ባለሙያ ነበር። ዛሬ ግን ካሜራ በስልክ ውስጥ ገብቶ በየኪሳችን ስለሚገኝ፥ ለመስክ ሥራ ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ ሠራተኛ ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። መኪናው በገበያ አጠገብ ሲያልፍ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያነሣል። ከዚያም በኋላ ፎቶግራፉ በሪፖርት ሽፋን ላይ ይወጣል፤ በስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ የዘመን መለወጫም ሲደርስ በቀን መቁጠሪያ ላይ ይታተማል። የመልኩ ባለቤት ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

እኔም ከነዚህ አንሺዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ላስቀድም።

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ ያደርሳል፤ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው ደግሞ የርብን ወንዝ ተሻግሮ በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ጎንደር ይገባል። በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ተዘርግቶ የሚታየው የፎገራ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ወርደው በክረምት ከዳርቻቸው እየወጡ ሜዳውን ውሃ ያለብሱታል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ የታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስሟ የተጠራ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በደርግ ዘመን፥ ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በዚያ ሩዝን ከሞከሩ ወዲህ ግን፥ ለሌላው እህል መከራ የነበረው ውሃ ለሩዝ ሲሳይ ሆነ። ገበሬው «ኤክስ ጅግና» እያለ የሚጠራው የሩዝ ዘር ስሙን ያገኘው ከጅግና ቀበሌ ነው። እንግዲህ በፎገራ ውሃ መከራም ነው፥ እንጀራም ነው፥ በየዓመቱ የሚሻገሩት መንገድም ነው። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን ብቻ አየሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ ወር 2010 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ጎንደር ስሄድ፥ ወረታን አልፈን ወደ ርብ ድልድይ ስንቃረብ፥ ከመንገዱ በስተ ግራ ያለው ማሳ በሙሉ ውሃ ለብሶ አገኘነው። በውሃው መካከል አንዲት አሮጊት እናት ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብሰብ አድርገው፥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በራሳቸው ላይ ተሸክመው፥ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። መኪናው እንዲዘገይ ለሾፌሩ ነገርሁትና ከመስኮቱ ሳልወርድ አነሣኋቸው። ሰማዩ ዳምኖ፥ ውሃው እንደ ብር እያበራ፥ እኒያ እናት ብቻቸውን በመካከል ሲታዩ፥ ሥዕሉ እጅግ ያማረ ነበር። አዲስ አበባ እንደ ተመለስሁም በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ከሥሩ «በጎርፍ ከቀያቸው የተፈናቀሉ እናት» ብዬ ጻፍሁበት። በአንድ የፎቶግራፍ ትርዒት ላይ በተሰቀለ ጊዜ ብዙ ሰው አደነቀው። አንድ ተመልካችም «ፊታቸው ባይታይም ኀዘናቸው ይታያል» አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ፥ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም.፥ ስለ ሩዝ አጨዳ ድምፅ ለመቅዳት እንደገና ወደ ወረታ ተላክሁ። ያን ጊዜ ሜዳው ደርቋል፤ የታጨደው ሩዝ በየአውድማው ተከምሯል፤ በከተማው ውስጥ የሩዝ መፈልፈያው ድምፅ ከማለዳ ጀምሮ አያርፍም። ለመታሰቢያ ብዬ የያዝሁትን ያን ፎቶግራፍ በአንድ ሻይ ቤት ለተቀመጡ ሰዎች አሳየኋቸው። ባለቤቱ ጥቂት አተኩሮ ከተመለከተ በኋላ «እኒህማ የኛው እናት ናቸው፤ በአረማመዳቸው አወቅኋቸው» አለና፥ ቤታቸውን የሚያሳየኝ ልጅ አስከተለልኝ።

እኒያ እናት በደጃቸው ተቀምጠው ሩዝ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። ከየት እንደ መጣሁ ከነገርኋቸውና ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ፎቶግራፉን ሰጠኋቸው። ከዐይናቸው ራቅ፥ ቀረብ እያደረጉ ተመለከቱት።

«ይህ ውሃ ነው» አሉ። «እኔ የታለሁ?»

በጣቴ አመለከትኋቸው።

«ይህማ ጀርባዬ ነው። ጎርፉን አነሣኸው እንጂ እኔን መች አነሣኸኝ? ደግሞ ከሥሩ የተጻፈው ምንድን ነው?»

ማንበቡ አሳፈረኝ፤ ነገር ግን አነበብሁላቸው። እሳቸውም ወንፊቱን አስቀመጡና «ተፈናቅዬስ የት ሄድሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ያን ቀን ልጄ ከወለደች ሳምንቷ ነበር። የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዤ ወደ አራሷ ቤት መሄዴ ነው። ውሃውንማ በየዓመቱ እሻገረዋለሁ።»

ምንም የምመልሰው አልነበረኝም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ሰው አይቶታል?» አሉኝ።

«አዎን፥ ብዙ ሰው አይቶታል» አልሁ።

«አዲስ አበባ የእኅቴ ልጆች አሉ። ይህን ቢያዩ ‹ልጆቿ ሜዳ ላይ ጣሏት› አይሉም? ልጄ፥ እኔን ብቻ አይደለም፤ ልጆቼንም አሰደብሃቸው።»

የተከበራችሁ አድማጮች፥ ስለ ፎቶግራፍ ጥበብ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ እንደዚህ ያለ ትምህርት ግን ከአንዱም አላገኘሁም። እኔ የብርሃኑንና የጥላውን ማማር ስመለከት፥ እሳቸው የተመለከቱት በዘመድ ፊት ስለሚጠፋው ስም ነበር። እኔ ኀዘን ያልሁት የአራስ ጥየቃ ደስታ ነበር። ፊታቸውን ባየሁትና አንድ ቃል በጠየቅኋቸው ኖሮ ይህን ሁሉ ባወቅሁ ነበር፤ ነገር ግን ከመኪናው መስኮት የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው።

በቋንቋችን «ማንሣት» የሚለውን ቃል ልብ ብለን ብንመረምረው ብዙ ያስተምረናል። ፎቶግራፍ እናነሣለን እንላለን። የወደቀውንም ሰው እናነሣለን። የሰውን ስም በደግም በክፉም እናነሣለን። የሌላውን ዕቃ ባለቤቱ ሳያውቅ ብናነሣ ደግሞ ስሙ ስርቆት ይባላል። ካሜራ የያዘ ሰው ከነዚህ ሁሉ አንዱን ሳይሠራ አይቀርም፤ ሰውየውን ከፍ አድርጎ ያነሣዋል፥ ወይም ስሙን በክፉ ያነሣበታል፥ ወይም መልኩን ሳያስፈቅድ ይዞበት ይሄዳል።

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቁ ሰው ሁለቱ ዐይኖቹ እንዲታዩ ሆኖ ፊት ለፊት ይሣላል፤ በጎን በኩል፥ በአንድ ዐይን ብቻ የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ከፎገራ ሜዳ ማዶ በጣና ውስጥ፥ በደቅ ደሴት በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፥ ሕንፃውን በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ልጇን ከታቀፈችው ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ተደፍተው ተሥለዋል። ያን ሥዕል የሚያይ ሁሉ ማን እንደ ሆኑና ስለ ምን በዚያ እንደ ተገኙ ያውቃል። እንግዲህ እኒያ የወረታ እናት «ይህማ ጀርባዬ ነው» ብለው ሲያዝኑ የፎቶግራፍን ጥበብ ባለማወቃቸው አልነበረም፤ ከአባቶች የወረደውን የመልክን ሕግ በማወቃቸው ነበር።

ካሜራ በኃይለኛው እጅ ሲሆን የሚያደርገውን ለማየት ደግሞ ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የደብረ ታቦር ልጅ ምሳሌ ይሆነናል። ልዑል ዓለማየሁ፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ፥ በ1853 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ተወለደ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ተይዛ አባቱ ከሞቱ በኋላ እንግሊዞች ወደ አገራቸው ወሰዱት። እናቱም በጉዞ ላይ ሞተችበት። በዚያው ዓመት በክረምት፥ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ፥ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ ድረስ በጥበባቸው ይደነቃሉ፤ ስሙም ማዕርጉም ተጽፎባቸዋል። ነገር ግን እንዴት መቆም እንደሚፈልግ፥ ምን መልበስ እንደሚወድ ያን ሕፃን የጠየቀው ይኖር ይሆን? በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ስለዚህ ስምን መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የባለ ስሙ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ስሙን አለመጠየቅም የሚያስከትለው ጉዳት ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ዶሮቴያ ላንጅ የተባለች አሜሪካዊት በካሊፎርኒያ አገር አንዲት ችግረኛ እናትን ከልጆቿ ጋር አነሣች። ያ ፎቶግራፍ በዓለም ላይ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ላንጅ ግን የሴቲቱን ስምም ታሪኳንም እንዳልጠየቀች ራሷ ጽፋለች። የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው ምግብ ገዙ ተብሎ ስለነሱ የተጻፈውን ቤተሰቡ በኋላ «ከቶ አልሆነም» ሲል ተቃውሟል። የሴቲቱ ስም፥ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምፕሰን፥ ለሕዝብ የታወቀው ከ42 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እሷም በዚያ ሥዕል እንደ ተከፋች ተናግራለች። ላንጅ ቅን ሴት ነበረች፤ ሥዕሉም ለችግረኞቹ ርዳታ እንዲደርስ አግዟል። ሆኖም ለብዙዎች የጠቀመው ያ ሥዕል ለሴቲቱ አርባ ዓመት ሙሉ «ችግረኛ» የሚል ስም ብቻ ሰጣት። በ1977 ዓ.ም. በረኃብ ዘመን የኛም ወገኖች ፊት ያለ ስም በዓለም ዙሪያ ስለ ታየ፥ ይህን ነገር እኛ ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን።

በሕግ በኩልም ቢሆን ጉዳዩ የተተወ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ27ኛው አንቀጽ፥ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይለጠፍ፥ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ፥ ሰውየው የታወቀ ወይም የሕዝብ ሥራ የያዘ ሲሆን፥ ወይም ሥዕሉ በአደባባይ ከተደረገ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ሲሆን፥ ይህን የመሳሰሉትን ከክልከላው ለይቶ ያወጣል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሌላውን በሕግ የምናስተዳድር ስለ ሆንን፥ የሪፖርታችንን ሽፋን ስናሳምር ይህን አንቀጽ መርሳት አይገባንም።

«ነገር ግን ሰውየውን ካስፈቀድሁት ተፈጥሯዊ ሁኔታው ይጠፋል፤ ቀጥ ብሎ ይቆምብኛል፤ ፊቱንም ያኮሳትራል» የሚል ይኖራል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ወደ ታሪኬ ልመለስና ያስተማረኝን ልንገራችሁ።

ጥፋቴን አምኜ «ይቅር ይበሉኝ፥ እናቴ» ባልኋቸው ጊዜ «ይቅር ለእግዜር፤ አሁን ጥቂት ቆየኝ» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ተጣጥበው፥ ነጭ ቀሚስ ለብሰው፥ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። እኔ በተማርሁት መሠረት እንደ ቀድሞው ተቀምጠው ሩዙን ቢያበጥሩና እኔን ባያዩኝ ይሻላል አልኋቸው። «ለሚያየኝ ሰው ጀርባዬን ልስጥ?» ብለው እንቢ አሉ። «እንግዲያው ጥቂት ፈገግ ይበሉ» ብላቸው «ምን አስቆኝ?» አሉ። ከዚያም የዚያችን አራስ ልጅ፥ ያን ውሃ የተሻገሩለትን ሕፃን፥ አስጠሩት። ሕፃኑ በእግሩ መሄድ ጀምሯል። እጁን ይዘው፥ የሩዙን ክምር በስተ ኋላቸው አድርገው፥ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጊዜው እኩለ ቀን ስለ ነበረ ፀሐዩ በቅንድባቸው ሥር ጥላ ጥሎ ዐይናቸውን ሸፈነው። ስለዚህ ጥቂት እንዲጠጉ ለምኜ በቤቱ ክዳን ጥላ ሥር አቆምኋቸው፤ ከክምሩ ላይ የሚመለሰው ብርሃን ፊታቸውን አበራው። እኔም ከላይ ወደ ታች እንዳልመለከታቸው ጎንበስ ብዬ ካሜራውን ከዐይናቸው ትክክል አደረግሁ። ሕፃኑ ወደ ካሜራው ለመምጣት እጃቸውን ሲጎትት፥ እሳቸው ሳይነቃነቁ አጥብቀው ያዙት። በዚያች ቅጽበት አነሣሁ። ሥዕሉ ከታጠበ በኋላ ሳየው፥ ከጎርፉ ሥዕል የበለጠ ብዙ ነገር የሚናገር ሆኖ አገኘሁት። ቀጥ ብሎ መቆማቸው የውሸት አልነበረም፤ ያ አቋም ሰው እንዲያውቅላቸው የሚፈልጉት ማንነታቸው ነበር። ሰው ሳያውቅ የሚታይበት መልክ እውነት እንደ ሆነ ሁሉ፥ አውቆ የሚያሳየው መልክም እውነት ነው።

ከሥሩ ምን እንደምጽፍ ብጠይቃቸው «እኔ ነኝ፤ ይህ የልጅ ልጄ ነው፤ ያ ሩዝ የኛው ነው ብለህ ጻፍ» አሉኝ። እንዳሉት ጽፌ፥ ጽሑፉን አነበብሁላቸው። ስማቸውንም ነገሩኝ። ስማቸው በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ እንዲጻፍ ፈቅደውልኛል፤ በሬዲዮ እንዲነገር ግን ስላልጠየቅኋቸው ዛሬ አላነሣውም።

እንግዲህ ለመስክ ሥራ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። ከመኪና ሳትወርዱ ሰው አታንሡ፤ የወረደ ሰው ሰላምታ ይሰጣል፥ ሰላምታ የሰጠም ስም መጠየቁ አይቀርም። ጠዋትና ማታ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ በቀትር ግን ሰውየውን ወደ ጥላ አስጠጉት። ከበስተ ኋላው የሚታየው ነገር ማንነቱን የሚያስረዳ ይሁን፤ ገበሬውን ከአውድማው፥ አንጥረኛውን ከወናፉ አትለዩት። እጁን ቆርጣችሁ አታስቀሩ፤ የሠራተኛ ሰው እጅ ከፊቱ ያላነሰ ይናገራል። ሥራ ላይ እንዳለ ማንሣት ብትፈልጉ አንዱን እናንተ እንደ ወደዳችሁት፥ አንዱን እሱ እንደ ወደደው አንሡ። ቀኑን፥ ቦታውንና የሚሠራውን ነገር ከራሱ አፍ ሰምታችሁ በዚያው ጻፉ፤ የጻፋችሁትንም አንብቡለት። እንቢ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። አሳትሜ እልክልሃለሁ ካላችሁትም ላኩለት። በየገጠሩ «ፎቶግራፉን እልካለሁ» ብሎ የጠፋ ሰው ብዙ ነውና፥ ከኛ በኋላ የሚሄደው ሠራተኛ የኛን ቃል ማጠፍ ዕዳ ይከፍላል።

እኔም የዚያን ቀን ፎቶግራፍ አሳትሜ ወደ ወረታ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁ፤ መድረሱንም አረጋገጥሁ። የቀድሞው፥ የጎርፉ ሥዕል፥ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። አልቀደድሁትም። ከሥሩ የጻፍሁትን ቃል ግን ሰርዤ «ለአራስ ጥየቃ ውሃ ሲሻገሩ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ውሃው ያው ውሃ ነው፥ ጀርባውም ያው ጀርባ ነው፤ አሁን ሳየው ግን በራሳቸው ላይ የተሸከሙት ቅቤና ዱቄት ይታየኛል።